የቦብ ማርሌ አውራ ጣት፦ «ተመትቶ ነው፣ ፈንገስ ነው» እየተባለ የሚታለፍ ጥፍር

ስለ ቦብ ማርሌ አሟሟት ሰዉ የሚያወራው ባብዛኛው አንድ አይነት ነው። ኳስ ሲጫወት ጣቱን ተመታ፣ ካንሰር ሆነበት፣ ይቆረጥ ሲሉት በሃይማኖቱ ምክንያት እምቢ አለ፣ በቃ ሞተ። ሌላው ደግሞ ሲአይኤ ጫማው ውስጥ ሽቦ አስገብቶ ነው የገደለው ይላል፣ ይሄኛው ምንም ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። ግን የበሽታውን ታሪክ ከጥፍሩ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ካያችሁት ከሁለቱም ወሬ በላይ የሚያሳስብ ነገር አለበት፣ ምክንያቱም እሱ ላይ የሆነው ዛሬም አዲስ አበባ ይሁን ደሴ ወይም ዲሲ ያለ ሰው ጣት ላይ እየሆነ ሊሆን ይችላል፣ ያውም «ፈንገስ ነው» ተብሎ ክሬም እየተቀባ። ለዛ ነው ጉዳዩን እንደ አንድ ታካሚ ፋይል ከፍቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ የፈለግኩት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ቦብ የተወለደው በ1945 ፌብሩዋሪ 6 ጃማይካ ናይን ማይል የምትባል የገጠር መንደር ነው። በ1976 ዲሴምበር 3 ኪንግስተን ቤቱ ድረስ መጥተው ተኩሰውበት ከቆሰለ በኋላ ከሀገር ወጥቶ ለንደን ተቀመጠ። 1977 ላይ ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ይሮጣል፣ ኳስ ደግሞ ከሙዚቃው ቀጥሎ ሕይወቱ ነበር ማለት ይቻላል፣ ቱር ላይ ሆኖ እንኳን ትንሽ ሜዳ ካገኘ ከባንዱ ልጆች ጋር ይጫወታል። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ከዚያ በፊትም ተጎድቶ ያውቃል። በ1977 ሜይ ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ ጋዜጠኞች ጋር ኳስ ሲጫወቱ ያው ጣት እንደገና ተረገጠና ጥፍሩ ተነቀለ። ኳስ የሚጫወት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ቱሩን ቀጠለ፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ መጨረሻ ላይ ጁን መጀመሪያ ለንደን ሬይንቦ ቲያትር።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። እስካሁን ያለው ታሪክ ውስጥ ማንም ሰው የሚደነግጥበት ነገር የለም። ወጣት ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ጣቱ ተመትቷል፣ ጥፍሩ ወልቋል። ቁስሉ ግን አልድን አለ። ሳምንታት አለፉ፣ ያው ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው «ተመትቼ ነው እኮ» የሚል የተዘጋጀ መልስ አለው፣ ቤተሰቡም ጓደኛውም ያንኑ መልስ ያምናል፣ ሐኪም ቤት ከሄደም ካርድ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ያው ራሱ የተናገረው ነገር ነው። በመጨረሻ 1977 ጁላይ ላይ ለንደን ውስጥ ከጥፍሩ ሥር ናሙና ተወሰደ፣ ባዮፕሲ ማለት ነው። ውጤቱ አክራል ሌንቲጂነስ ሜላኖማ ሆነ። የቆዳ ካንሰር፣ ያውም ከጥፍር ሥር የተነሳ።

ይሄ አይነት ሜላኖማ ራሱን ችሎ ስም ያገኘው በ1976 ነው፣ ሪድ የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም፣ ለይቶ የጻፈው ያኔ ነው። ቦብ ሲመረመር ገና አንድ ዓመት ገደማ የሆነው እውቀት ነበር ማለት ነው። የተለመደው ሜላኖማ ፀሐይ የመታው ነጭ ቆዳ ላይ ነው በብዛት የሚወጣው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው ብሎ የሚያስበው። አክራል የሚባለው ግን ከፀሐይ ጋር አይገናኝም። የሚወጣው ፀሐይ በማይመታው ቦታ ነው፣ መዳፍ ላይ፣ የእግር ጫማ ሥር፣ ጥፍር ሥር። በቁጥር ሲታይ እኛ ጥቁሮች ላይ ሜላኖማ እንዳለ ብርቅ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ጥቁር ሰው ሜላኖማ ከያዘው ከሁሉም አይነቶች በብዛት የሚገኝበት ይሄ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ እግር ላይ ነው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው። ከጥፍሮች መሀል የሚመርጠው የእግር አውራ ጣትንና የእጅ አውራ ጣትን ነው። ብርቅ መሆኑና እግር ላይ መሆኑ ተደምሮ ዘግይቶ ይገኛል፣ ስለሚዘገይም ይገድላል።

ምቱ ካንሰሩን አመጣው ወይ የሚለው ሁሌ ይጠየቃል። አንድ ጊዜ ተረግጦ ጥፍር መነቀል ሜላኖማ ያመጣል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም። እግር ላይ ጫና የሚበዛበት ቦታ ላይ ይሄ ካንሰር በርከት ብሎ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። የበለጠ የሚያስኬደው ካንሰሩ ቀድሞ እዛው ጥፍር ሥር ነበረ፣ ምቱ ደግሞ ሸፈነለት የሚለው ነው። ታካሚው ራሱም «በዚህ ቀን ተመታሁ» ብሎ የሚያስታውሰው ቀን ካለው ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

አሁን ወደ ጥፍሩ ራሱ ጠጋ ብለን እንይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ጥፍር የሚሠራው ከላይ የምናየው ቦታ ላይ አይደለም፣ ከቆዳው ስር ገባ ብሎ ሥሩ ላይ ጥፍር የሚያመርት ሥጋ አለ፣ ጥፍር እዛ ተሠርቶ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይገፋል። የእግር ጥፍር በወር አንድ ሚሊሜትር ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ የአውራ ጣት ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ለመተካት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። እዛ ሥሩ ላይ ቀለም የሚያመርቱ ሴሎች አሉ፣ በብዛት ተኝተው ነው ያሉት። እነዚህ ሲነቁ ወይም ወደ ካንሰር ሲቀየሩ ጥፍሩ እያደገ ሲሄድ ቀለሙን ይዞት ይወጣና፣ ልክ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ተደርጎ ወረቀቱ ሲጎተት እንደሚሠራው መስመር፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ቡናማ ወይ ጥቁር መስመር ይሠራል። መስመሩ ጥፍር ቢቆረጥም አይጠፋም፣ ምንጩ ታች ስለሆነ።

ፈንገስ ግን አመጣጡ ሌላ ነው። ባብዛኛው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ዘር ነው፣ ምግቡ ኬራቲን ነው፣ ማለትም ጥፍሩን ራሱን ነው የሚበላው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በጣቶች መሀል ያለው ቆዳ ላይ ይሆናል፣ ይላጣል ያሳክካል፣ ከዛ ከጥፍሩ ጫፍ ወይም ከጎን በኩል ይገባና ወደ ሥር ይጓዛል። ጥፍሩ ቢጫ ወይ ነጭ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ከሥጋው ይለያል፣ ከስሩ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር ነገር ይወጣል። ፈንገስ ከጫፍ ወደ ሥር ነው የሚሄደው፣ የሜላኖማ መስመር ከሥር ወደ ጫፍ። ምት ያመጣው የተቋጠረ ደም ደግሞ ሦስተኛው ነው፣ እሱ ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይጓዛል፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይታችሁ ስታዩት ከሥሩ በኩል ንጹህ አዲስ ጥፍር ወጥቶ ጥቁሩ ወደ ጫፍ ተገፍቶ ታገኙታላችሁ። ይሄንን በስልክ ፎቶ ማወቅ ይቻላል፣ ዛሬ አንድ ፎቶ፣ ከወር በኋላ በዛው ብርሃን በዛው አቅጣጫ ሌላ ፎቶ። ወደ ፊት ከሄደ ደም የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው። ካልሄደ፣ ወይም ከሰፋ፣ ወይም ጥፍሩ መሰንጠቅና መድማት ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ነው። እየሰፋ እንደሆነ አሁኑኑ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ወሩንም አትጠብቁ።

ይሄ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው ግልጽ የሚሆነው፣ እውነተኛ እግር ላይ ሁሉም ይደባለቃል። ፈንገስ ራሱ ጥፍርን ጥቁር ሊያደርግ ይችላል፣ ጥቁር ቀለም የሚያመርቱ የፈንገስ አይነቶች አሉ። ሜላኖማ ደግሞ ጭራሽ ጥቁር ሳይሆን ቀይ ሥጋ መስሎ፣ የማይድን ቁስል መስሎ፣ ወደ ውስጥ ያደገ ጥፍር መስሎ ሊመጣ ይችላል፣ ሁሉም ቀለም የለውም። አንድ ጥፍር ላይ ሁለቱም አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ፣ ፈንገስ ተገኘ ማለት ሌላ ነገር የለም ማለት አይደለም። የጥፍር ሥር ሜላኖማ መጀመሪያ ላይ በስህተት ከሚሰጡት ስሞች መሀል የጥፍር ፈንገስ ዋነኛው ነው። ሐኪሙን ብቻ መውቀስ አይቻልም፣ ምክንያቱም ፈንገሱ እጅግ የበዛ ነው፣ ከዓለም ሕዝብ አስር በመቶ ያህሉ ጥፍሩ ላይ አለበት ተብሎ ይገመታል፣ ካንሰሩ ደግሞ ብርቅ ነው፣ ስለዚህ መገመት ብቻ ከሆነ ፈንገስ ብሎ የገመተ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ችግሩ ልክ ያልሆነበት ቀን ነው። ደግሞ ከተበላሹ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው በትክክል ፈንገስ ሆነው የሚገኙት፣ ሌላው ምት ነው፣ የጫማ ጫና ነው፣ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ነው፣ ሌላም ሌላም ነው።

አሁን ይሄንን አንብባችሁ ጥፍራችሁን አይታችሁ እንዳትደነግጡ አደራ። ጥቁር ሰው ጥፍሩ ላይ ቡናማ መስመር መኖሩ በጣም የተለመደ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ አብዛኞቻችን ላይ ይወጣል፣ እናቶቻችን አባቶቻችን እጅ ላይ እዩት። ብዙ ጣት ላይ ካለ፣ ቀጭን ከሆነ፣ ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ከሆነ ተፈጥሮ ነው። መድኃኒትም ያመጣዋል፣ ለምሳሌ ዚዶቩዲን የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጥፍር ያጠቁራል። የሚያሳስበው አንድ ጣት ላይ ብቻ የሆነ፣ በተለይ አውራ ጣት፣ በተለይ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ የወጣ፣ ስፋቱ ሦስት ሚሊሜትር የደረሰ ወይ ያለፈ፣ ጠርዙ የደበዘዘ፣ በወራት ውስጥ የተለወጠ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፣ ይሄ የሀቺንሰን ምልክት ይባላል፣ ሀቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው ያስተዋለው። ቆዳው ላይ ጥቁር ያየ ሰው ክሬም ሊቀባ አይገባም፣ ናሙና ነው ማሰጠት ያለበት።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሞች ጣቱ ይቆረጥ አሉ። ቦብ እምቢ አለ። ይሄንን ብዙ ሰው እንደ ሞኝነት ነው የሚያወራው፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ራስታፈሪያን አካልን ሙሉ አድርጎ መጠበቅን ከእምነታቸው ጋር አያይዘው ነው የሚያዩት፣ ሥጋን አለመቁረጥን ዘሌዋውያን 21፥5 ላይ ያነቡታል። ደግሞ በእግሩ መድረክ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ በእግሩ ኳስ የሚጫወት ሰው ነው። እኛ ሀገር እግር ይቆረጥ ሲባል «ሙሉ አካሌን ይዤ ልሙት» የሚል ስንት አባት አለ፣ ቤተሰቡስ ስንቱ ነው ታካሚውን ይዞ ከዋርድ የሚወጣው። እንዲህ ያለ ሰው ማወቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ፣ የሚቆረጠው የቱ ድረስ ነው፣ ባይቆረጥስ ምን ይጠብቀዋል፣ መሀል ላይ ሌላ ምርጫ አለ ወይ፣ ይሄ በእርጋታ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ቦብ ሙሉ በሙሉ ሕክምና እምቢ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም፣ ይሄም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ማያሚ ሄዶ ኦፕሬሽን ሆኗል። ጥፍሩና ከጥፍሩ ስር ያለው ሥጋ ተቆርጦ ወጣ፣ በቦታው ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈለት፣ ጣቱ ግን ቀረ። የአሜሪካ ቱሩ ተሰረዘ፣ ለወራት አርፎ አገገመ።

ከዛ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ሰው ሁሉ የዳነ መስሎታል። በ1978 ኤፕሪል ኪንግስተን የሰላም ኮንሰርት ላይ የሚገዳደሉ የሁለት ፓርቲ መሪዎችን መድረክ ላይ አውጥቶ እጅ ለእጅ አያያዘ። በዛው ዓመት መጨረሻ ኢትዮጵያ መጣ፣ ሻሸመኔም ደረሰ። በ1980 ኤፕሪል ዚምባብዌ ነፃነቷን ስታውጅ ያኔ ሳልስበሪ ትባል በነበረችው ሀራሬ ስታዲየም ውስጥ ዘፈነ፣ በጁን ደግሞ ሚላን ሳን ሲሮ ወደ መቶ ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ። ሜላኖማ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዋናው ቦታ ላይ ያለው ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሴሎች በደምና በሊምፍ ካመለጡ ለወራት ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይቀመጡና አንድ ቀን ሳንባ ላይ፣ ጉበት ላይ፣ አንጎል ላይ ይነሳሉ። ጣቱ መዳኑ ሰውየው ዳነ ማለት አልነበረም።

በ1980 ሴፕቴምበር ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሁለት ቀን ተጫውቶ በማግስቱ 21ኛው ቀን ሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ወደቀ። ምርመራው ካንሰሩ አንጎሉ ላይ እንደደረሰ አሳየ። በ23ኛው ቀን ፒትስበርግ ስታንሊ ቲያትር የመጨረሻውን ኮንሰርት አደረገ፣ ገና በዛው ሰሞን አንጎሉ ላይ ዕጢ አለ የተባለ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ጨርሶ ወረደ። ኒውዮርክ ላይ ጨረርና ሌላ ሕክምና ጀመረ፣ ጸጉሩ መርገፍ ጀመረ። በ1980 ኖቬምበር 4 በአቡነ ይስሐቅ እጅ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጥምቀትን ተቀበለ፣ ስመ ጥምቀቱ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ከዛ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ አንድ አማራጭ ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ ገብቶ ወራት ቆየ፣ አልሆነም። ወደ ጃማይካ ሲመለስ ማያሚ ላይ አረፈ፣ 1981 ሜይ 11፣ በሰላሳ ስድስት ዓመቱ። ሜይ 21 ኪንግስተን ላይ ቀብሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ተፈጸመ፣ አስከሬኑም የተወለደባት ናይን ማይል አረፈ።

ጣቱ በ1977 ቢቆረጥ ይድን ነበር? ብዙ ሰው በእርግጠኝነት አዎ ይላል፣ እኔ ግን እንደዛ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ሜላኖማ ላይ ዕድልን በዋናነት የሚወስነው ናሙናው ሲወሰድ ወደ ታች የገባበት ጥልቀት ነው፣ ይሄ ብረስሎው በሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት ስም የሚጠራ ልኬት ነው፣ በ1970 ነው ያወጣው፣ በሚሊሜትር ነው የሚለካው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሲገኝ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ በጥልቀት ከሄደና ከቆሰለ ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል። የቦብ ጣት ቆስሎ፣ ጥፍሩ ወልቆ፣ ሳምንታት አልድን ብሎ ነው የተመረመረው። ጣቱን መቁረጥ የተሻለ ዕድል ሊሰጠው ይችል ነበር፣ ያኔ የነበረው እውቀትም ያንን ነው የሚለው፣ ግን ሴሎቹ ቀድመው ወጥተው ከሆነ ጣቱ ቢቆረጥም መጨረሻው ያው ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ሁሉ «ለምን እምቢ አለ» ላይ ማድረግ ዋናውን ነገር ያስረሳል። ትልቁ ዕድል የነበረው ከዚያ በፊት ነው፣ ጥፍሩ መለወጥ ሲጀምር። ዛሬ ገና ከላይ ያለ፣ ወደ ታች ያልገባ ሜላኖማ ጥፍር ሥር ሲገኝ ጣት ሳይቆረጥ የጥፍሩን ክፍል ብቻ አውጥቶ ቆዳ መለጠፍ ይቻላል፣ ማለትም ቦብ የፈለገው አይነት ሕክምና ቀድሞ ለመጣ ሰው አለ። ለተሰራጨው ደግሞ ከ2011 ወዲህ ኢሚዩኖቴራፒ የሚባሉት፣ የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሱ መድኃኒቶች መጥተዋል፣ ሆኖም የአክራሉ አይነት ለነሱ እንደሌላው ሜላኖማ በደንብ ምላሽ አይሰጥም፣ ዋጋቸውም የማይቀመስ ነው።

እሺ፣ ጥፍሩ ተመርምሮ በእውነት ፈንገስ ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ብሎ ይተወዋል፣ «መልክ ብቻ ነው የሚያበላሸው» ይላል። ለወጣት ጤነኛ ሰው ነገሩ ቀስ ያለ ነው፣ ግን በራሱ አይጠፋም፣ ከአንዱ ጥፍር ወደ ሌላው፣ ወደ ጫማ ሥር፣ ወደ ብሽሽት፣ ከዛ አብረው ሻወር ወደሚጠቀሙ የቤት ሰዎች ይሄዳል። ጥፍሩ ሲወፍር ጫማ ውስጥ ሥጋውን ይጫነዋል፣ ያማል። ስኳር ላለበት ሰው ግን ሌላ ጨዋታ ነው። እግሩ ስሜቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ የወፈረው ጥፍር ከስሩ ያለውን ሥጋ ሲያቆስለው ወይ ሹል ጠርዙ ጎረቤት ጣትን ሲቆርጠው አይሰማውም። በጣቶች መሀል የተላጠው ቆዳ ለባክቴሪያ በር ነው፣ እግር በአንድ ሌሊት ቀልቶ አብጦ ተቃጥሎ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት የሚያመጣው ሴሉላይተስ ብዙ ጊዜ መግቢያው እዚሁ ነው። ደም በደንብ በማይደርስበት እግር ላይ ይሄ ቁስል ወደ አጥንት ይሄዳል፣ መጨረሻው ጣት ወይ እግር መቆረጥ ይሆናል። እናታችሁ ወይ አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ካልሲያቸውን አስወልቃችሁ በጣቶቻቸው መሀል እዩላቸው፣ አጎንብሰው ማየት የማይችሉ አሉ፣ ዓይናቸው የደከመም አሉ፣ «ደህና ነኝ ልጄ» ብለው ያልፋሉ እንጂ አይነግሯችሁም።

ሕክምናውም ቢሆን በግምት መጀመር የለበትም ስል ሌላ ምክንያት አለኝ። ክሬም ወፍራም ጥፍርን ሰርስሮ አይገባም፣ ለዓመታት ክሬም የቀየረ ሰው ብዙ ነው። የሚሠራው ባብዛኛው የሚዋጥ ነው፣ ተርቢናፊን 250 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት፣ ለእጅ 6 ሳምንት፣ ሐኪም አዞት፣ ጉበት አስቀድሞ ታይቶ። ከጨረሱ በኋላም ጥፍሩ ወዲያው አያምርም፣ የተበላሸው ተገፍቶ እስኪወጣ ዓመት ይፈጃል፣ አልሠራም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ኬቶኮናዞል የሚባለው እንክብል ግን ለጥፍር አይወሰድም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 በጉበት ጉዳት ምክንያት ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ ገደበው፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በዛው ዓመት እንክብሉ ከገበያ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። እንዲያም ሆኖ መታዘዙ ቀጥሎ ኤፍዲኤ በ2016 እንደገና ሲያስጠነቅቅ ለጥፍር ፈንገስ የወሰደ አንድ ታካሚ በጉበት መድከም መሞቱን ጠቅሷል። ለጥፍር ብሎ ሰው ሞተ፣ ያማል። እንክብሉን ፋርማሲ ላይ ያለ ማዘዣ ቢሰጧችሁ እንኳን ለጥፍር ብላችሁ እንዳትውጡ፣ በስሙ ክሬምና ሻምፖም ስላለ ግራ እንዳትጋቡ፣ አደገኛው የሚዋጠው ነው።

ምርመራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለፈንገስ ከጥፍሩ ሥር የሚፈረፈረው ነገር ተፍቆ መስታወት ላይ ይደረጋል፣ ኬኦኤች የሚባል ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል፣ ፈሳሹ የጥፍሩን ሴሎች ያሟሟቸውና የፈንገሱ ክሮች ብቻ ቅርንጫፍ እያወጡ ማይክሮስኮፕ ስር ይታያሉ፣ በዛው ቀን መልስ አለው። ከልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት፣ ከተባለ ሳምንታት ይፈጃል። የተቆረጠ ጥፍር ወደ ፓቶሎጂ ተልኮ ቀለም ተነክሮ ማየትም ይቻላል። ለሜላኖማ ግን የጥፍር ፍቅፋቂ አይበቃም፣ ይሄንን በደንብ ያዙት፣ ናሙናው መወሰድ ያለበት ቀለሙ ከሚመነጭበት፣ ጥፍር ከሚያመርተው የሥሩ ሥጋ ነው፣ በማደንዘዣ የሚሠራ ትንሽ ኦፕሬሽን ነው። ጫፉን ቆርጠው «ካንሰር የለም» ቢሏችሁ ያ መልስ አይደለም።

እኛ ሴቶች ጋ ደግሞ ጥፍር ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። እንሶስላ የሞቀች ሴት እግሯ ለሳምንታት ቀይ ነው፣ እንሶስላ ራሱ ለእግር ፈንገስ ይጠቅማል ተብሎ የሚሞቅበት ቤትም አለ፣ ሂናም እንደዛው፣ ከተማ ያለችው ደግሞ ፔዲኪዩር ሠርታ በጥቁር ቀለም ትሸፍነዋለች፣ ጥፍሩ በተበላሸ ቁጥር የሚቀባው ይደምቃል። ተዉት አይባልም፣ ባህልም ነው ውበትም ነው። ግን ቀለም በሚቀየርበት መሀል ጥፍሩን ባዶውን በቀን ብርሃን ማየት፣ ፎቶ ማንሳት። ፔዲኪዩር የምትሠሩ እህቶችም ከማንም በላይ የሰው የእግር ጥፍር የምታዩ እናንተ ናችሁ፣ አንድ ጣት ላይ ብቻ ጥቁር መስመር ወይ የማይድን ቁስል ካያችሁ ፍቃችሁ ለማጥፋት አትሞክሩ፣ «እህቴ ይሄንን ሐኪም አሳዪው» በሏት።

አዲስ አበባ ላይ የቆዳ ሐኪም ያለበት መንግሥት ሆስፒታል አለ፣ አለርት በዚህ የታወቀ ነው፣ ክፍለ ሀገር ያላችሁ ሪፈር ጠይቁ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የሚያያችሁ ጠቅላላ ሐኪም ስለሆነ ፎቶዎቹን ከነቀናቸው ይዛችሁ ሂዱ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተቀባችሁ፣ ተለውጦ እንደሆነ ተናገሩ። ሐኪሙ አይቶ ፈንገስ ነው ካለ «ላብራቶሪ ይታይልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ለፈንገስ የተሰጣችሁን ሕክምና በትክክል ጨርሳችሁ ከሥሩ በኩል ንጹህ ጥፍር መውጣት ካልጀመረ ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት የቆዳ ስፔሻሊስት ይየው፣ ቆዳው ላይ ጥቁር ቀለም ካለ ወይ ቁስሉ ከወር በላይ ካልዳነ ግን ሕክምናው እስኪያልቅም አትጠብቁ፣ ቀጥታ ከጥፍር ሥር ባዮፕሲ ጠይቁ።